የጥጉ ዴስክ ብርሃን

ብሩክታይት ጉኑኖ ከተማ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ስታስተምር አራት ዓመቷ ነው። እንደ ህብረት ያናደዳት ተማሪ ግን የለም። ልጅቷ በቃል ስትጠየቅ ጎበዝ ናት፤ ከሰሌዳ ስትገለብጥ ሦስቱን ስምንት፣ መደመሩን መቀነስ ታደርገዋለች። አንድ ቀን ብሩክታይት ደብተሯን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየችና «ስንፍና ማለት ይሄ ነው!» አለች። ህብረት አንገቷን ደፋች።

በማግስቱ ሰማዩ ዝናብ አዝሏል። ብሩክታይት ደብተር ልታርም ህብረት አጠገብ ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ ወደ ሰሌዳው ስታይ የገዛ ጽሑፏን ማንበብ አቃታት። 

ርዕሰ መምህሩን አቶ ኤርካሎን አነጋገረቻቸው።

«ጨለማ ነው የማይለኝ መምህር የለም» አሏት። «ስንት ነው ጨለማው? የወላጅ ኮሚቴው እንዲሰማኝ ቁጥር አምጪልኝ።»

የብርሃን መለኪያ ከየት ይምጣ? ቅዳሜ ሶዶ ወርዳ ሠርግ ፎቶ የሚያነሳውን የአክስቷን ልጅ ሳሚን አማከረችው። ሳሚ አሮጌ ካሜራውን ሰጣት።

«ብርሃን ሲያንሰው የካሜራው ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል» አላት። «ሌላውን ሁሉ ቆልፌልሻለሁ፤ አንቺ ጊዜውን ብቻ አንብቢ። ነጭ ወረቀት ላይ አነጣጥሪ፣ ጥላሽ እንዳያርፍበት።»

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ወረቀቱን በየዴስኩ እያስቀመጠች ለካች፤ ህብረት መዘገበች። መስኮቱ ጋ የሰከንድ አንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ፣ ጥጉ ላይ አንድ ስምንተኛ።

«ቲቸር፣ መስኮቱ ጋ ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል!» አለች ህብረት፣ ማንም ሳያሰላ።

ብሩክታይት ወደ ክፍሉ ዞረች። «ባለፈው ህብረትን ሰነፍ ያልኩት ተሳስቼ ነው። ህብረት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔም ዓይኔ የታመመ መስሎኝ ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ዱቦ ሆስፒታል እንዳይወስዱኝ ብዬ ለቤት አልተናገርኩም።»

አቶ ኤርካሎ ልኬቱ የሰፈረበትን ወረቀት ይዘው ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። በወሩ ከጣሪያው ሁለት ቆርቆሮ ተነስቶ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ተተካ። ጥጉ እንደገና ሲለካ አንድ ስድሳኛ ሆነ። የመስኮቱን ያህል ባይሆንም ያስነብባል።

በዚያው ሳምንት ህብረት ከገለበጠችው ውስጥ ብሩክታይት አንድ ስህተት አገኘች። ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ ሰሌዳውን ዞር ብላ አየች። ሰሌዳው ላይ አሳስታ የጻፈችው ራሷ ነበረች።