የፉርኑ ጉድጓድ

አማቴ እትዬ በለጠች ለባሌ ሌላ ሚስት ሊያመጡ ማሰባቸውን የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው። ሰሊጥ እያበጠርኩ ነበር።

«ወድ ኤል ሒለው ከተማ ፋናዬ የምትባል ልጅ አለች» አሉ። «አንቺ ብፅአት፣ ክፉ አላየሁብሽም። ግን ማህፀንሽ ዝም አለ።»

«ምን እንዲናገር ፈለጉ እትዬ? ዐረብኛ?»

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ያበጠርኩትን ሰሊጥ መልሼ ከገለባው ጋር ደባልቄው ነበር። ባሌን ላቀውን እወደዋለሁ። ከሌላ ሴት ጋር ልካፈለው ነው? ወይስ ጓዜን ጠቅልዬ ልወጣለት?

ላቀው እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የጀማሉ ፉርን ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ፉርኑ በእንጨት ይነዳል፤ ጋጋሪው ምድጃው ፊት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ይሠራል፤ የእሳቱ አፍ ከወገቡ ጋር ይገጥማል። ከንጋት እስከ ቀትር እዚያው ነው።

እትዬ ደግሞ ልጃቸውን ብርድ መቶታል ብለው ወስነዋል። በገዳሪፍ! ሰው ጥላ ሥር በሚቀልጥበት አገር! ማታ ማታ የፈላ ውኃ ያለበት ሳፋ ላይ አስቀምጠው በጋቢ ይሸፍኑታል። እሱም የእናት ትእዛዝ ነው ብሎ እንደ ድንች ይቀቀላል።

እኔ ቀደም ብዬ ተመርምሬ ነበር። ደህና ነሽ፣ ባልሽን አምጪው ተባልኩ። ላቀው አኮረፈ።

«ወንድ አይደለህም ልባል ነው?»

«ወንድነትህን ማን ጠየቀህ? እሱን እኔ አውቃለሁ። ሐኪሙ የፈለገው ዘርህን ነው። ደግሞ ፋናዬም መጥታ ዝም ብትልስ? ሦስተኛዋን ከኸሽም ኤል ቂርባ ልናስመጣ ነው?»

ሳቀ። ከሳቀ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ዶክተር ሁዜይፋ ሱዳናዊ ነው፤ የላቀውን የምርመራ ውጤት አይቶ ጥያቄ ጀመረ። ሲጋራ? የለም። ቱምባክ? ላቀው ከንፈሩ ሥር የወተፈውን ትምባሆ በምላሱ ሊደብቅ ሞከረ። ሥራ? የጉድጓዱን ነገር እኔው ነገርኩት። ሳፋውንም ጨመርኩለት።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች! አላህ የወንድን ፍሬ ውጭ ያንጠለጠለው እንዲቀዘቅዝ ነው። አንተ ቀን ምድጃ ላይ ትጥደዋለህ፣ እናትህ ማታ ይቀቅሉታል!»

«ጠፍቷል እንዴ?» አልኩ።

«አልጠፋም። አንሷል፣ ደክሟል። ከእሳቱ ይራቅ፣ ቱምባኩን ይተው። አዲስ ዘር ለመሠራት ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ ኢንሻላህ። ሳፋውን ግን ልብስ እጠቡበት።»

በሩ ላይ ስንደርስ ላቀው ቆመ። «እና… ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው?»

«የጉድጓዱ ነው» አልኩት። ይህን ስለው ለራሴም ቀለለኝ። መንገዱን ሙሉ ያለ ምክንያት ስስቅ ሄድኩ።

እትዬ ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እኔ ነኝ ልጄን የቀቀልኩት?»

ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር ያዘጋጀሁትን ስድብ ዋጥኩት። ሁሉንም አይደለም። «ምድጃው ነው እትዬ። እርስዎ ትንሽ ነው የጨመሩበት።»

ጀማሉ ላቀውን ከጉድጓዱ አውጥቶ መስኮት ላይ ዳቦ ሻጭ አደረገው። ክረምቱን ሙሉ እትዬ ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው ፉርኑ በር ላይ ተቀመጡ፤ ላቀው ወደ እሳቱ ዘወር ባለ ቁጥር «ና ውጣ!» ይላሉ። ደንበኛው ሁሉ ሳቀበት። ፋናዬን ያነሳት ሰው የለም።

ሰሊጡ ሲታጨድ፣ ከዘይት መጭመቂያው የሚመጣው ሽታ አንድ ቀን አንጀቴን ገለበጠው። አጥሩ ሥር ተንበርክኬ ሳስመልስ እትዬ ሮጠው ግንባሬን ያዙ።

«ምነው ልጄ? ብርድ መቶሽ ይሆን? ውኃ ላፍ—»

አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ተያየን። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

«ይህንንስ አይቀቅሉብኝም እትዬ» አልኳቸው፣ አፌን እየጠረግሁ።