የእርቁ ሦስተኛ ቅጂ

ሞላልኝ ደሴ ከሚገኙት የግል ኮሌጆች በአንዱ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ተከላካዮችን ሲያሠለጥን ዐሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። በእነዚህ ዓመታት አራት ዋና አሠልጣኞች ተሹመው ሲሄዱ አይቷል፤ ለአራቱም አቀባበል ቆሟል፤ በአራቱም ሽኝት አጨብጭቧል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ስሙ የሚነሣው አጥቂው ነበር፤ ግብ ሲቆጠርበት ግን ጥፋቱ "የሞላልኝ ልጆች" ነበር። ቅናት በልቡ ውስጥ እንደ ብል ቀስ እያለ በላው፤ እርሱ ግን ትዕግሥት ብሎ ይጠራው ነበር።

ዘንድሮ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ የዋና አሠልጣኙ ወንበር ለአምስተኛ ጊዜ ባዶ ሆነ። የኮሌጁ ዲን አስጠርቶ፣ "ኮምቦልቻ ላይ አሸንፈህ ና፤ ሹመቱ ያንተ ነው" አለው።

የኮምቦልቻው ቡድን ኀይል በአንድ ልጅ እግር ላይ ነበር፤ ምንተስኖት በሚባል አጥቂ። ሞላልኝ በጨዋታው ዋዜማ የመሐል ተከላካዩን ሙንዚርን ለብቻው ጠራው። ሙንዚር የኩታበሩ ገበሬ የአቶ ጀላል ልጅ ነው። ለመመረቅ አንድ መንፈቅ ብቻ ቀርቶታል፤ ከዘመዶቹም ኮሌጅ የገባ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

"ምንተስኖትን ከዕረፍት በኋላ ሜዳ ላይ እንዳላየው።"

"እይዘዋለሁ፣ ኮች።"

"ያዘው አላልኩህም።" በጫማው ጫፍ የሙንዚርን ቁርጭምጭሚት ነካ አደረገው። "እዚህ ላይ።"

"ኮች፣ ይኼ እኮ ሐራም ነው።"

"ሐራሙ በእኔ ይሁን! አንተ ታዛዥ ነህ።"

በማግሥቱ ኮምቦልቻ ላይ ምንተስኖት በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሙንዚርን ሁለት ጊዜ አልፎት ሄደ። በሁለተኛው ዞር ብሎ ሣቀበት።

"አንተ የኩታበር ልጅ፣ የደሴ ብርድ እግርህን አደረቀው እንዴ? ዛሬ እዚህ ሙቅና ነገ ትከተለኛለህ!"

ሙንዚርም ሣቀ፤ ቀልዱ ክፋት አልነበረበትምና። ወዲያው ግን ከመስመሩ ዳር "ሙንዚር!" የሚል የሞላልኝ ድምፅ መጣ። ለዕረፍት ሦስት ደቂቃ ሲቀር ሙንዚር ኳሱ በሌለበት በኩል ተንሸራቶ ገባ። የምንተስኖት አጥንት ሲሰበር በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙ። ሙንዚር በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቡድኑ አንድ ለባዶ አሸነፈ።

ሐኪሙ ለምንተስኖት እናት ለወይዘሮ ሥርጉት፣ "ይራመዳል፤ ኳስ ግን አይጫወትም" አላቸው።

የኮምቦልቻው ወገን ለኮሌጁ ክስ ጻፈ። የኮሌጁ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ተጫዋቹን ያዘዘው ሰው እንዳለ ለማጣራት ተሰየመ፤ ነገሩ እስኪጣራ የሞላልኝ ሹመት እንዲዘገይ ተደረገ። ያን ጊዜ ሞላልኝ በሚኒባስ ኩታበር ወጣ።

"አቶ ጀላል፣ እኛ ወሎዬዎች ነን፤ ክስ አያምርብንም። ልጅዎ ድንጋይ ተሸክሞ ጥፋቱን ይመን፤ በእርቅ እንጨርሰው። የታረቀን ሰው ማን ይከሰዋል?"

"አላህ ይስጥዎ" አሉ ጀላል። "ለልጄ ሁለተኛ አባት ነዎት።"

አቶ ጀላል ያመኑት ሞላልኝን ብቻ አልነበረም፤ እርቅ የወረደበት ነገር ሞቶ ተቀብሯል የሚለውን የአባቶቻቸውን ሕግ ነበር። ኮሌጁ በዚህ ሕግ እንደማይገዛ ግን የነገራቸው የለም።

ሙንዚር አሠልጣኙን እየሸኘ፣ "ኮች፣ ያዘዙኝስ?" አለው።

"ሁለታችንም ከወደቅን ማን ያነሣናል? እኔ ከተሾምኩ አንተን ማን ይነካሃል?"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወይዘሮ ሥርጉት ግቢ ሽማግሌዎቹ፣ አንድ ቄስና አንድ ሼኽ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሙንዚር አባቱና ሞላልኝ በቆሙበት ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከሽማግሌዎቹ ፊት አጎነበሰ።

"ልጄ" አሉት ቄሱ፣ "የገፋፋህ ሰው ካለ አሁኑኑ ተናገር። ከእርቅ በኋላ የሚነሣ ነገር እርቁን ያፈርሳል፤ እግዚአብሔርም በአፍራሹ ላይ ይፈርዳል።"

ሙንዚር ቀና ብሎ ሞላልኝን ፈለገው። ሞላልኝ ስልኩን ያይ ነበር።

"ወላሂ፣ ማንም የለም።"

ወይዘሮ ሥርጉት ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። "እኔም ወልጃለሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ።"

"ተነሥ በል!" አለ ምንተስኖት ክራንቹን ተደግፎ። "እኔን ጥለህ በአንዲት ድንጋይ ደከመህ?"

የእርቁ ቃል ከነሙንዚር መሐላ ተጽፎ ለሁለቱ ወገኖች ተሰጠ። በምስክርነት የፈረመው ሞላልኝም፣ "ለኮሌጁ አንድ ቅጂ ብትጨምሩልኝ፤ እርቅ መውረዱን አይተው ደስ ይላቸዋል" አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁት።

ሰኞ ጧት ሦስተኛውን ቅጂ ለኮሚቴው አስገባ። "ያለ ማንም ትእዛዝ" የሚለውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት ነበር። ሐሙስ ሙንዚር ከትምህርቱ ተባረረ፤ ዓርብ ሞላልኝ ዋና አሠልጣኝ ሆነ።

ቅዳሜ አባትና ልጅ ወደ ልምምድ ሜዳው መጡ። ሙንዚር የቡድኑን ማልያ ሊመልስ ይዟል።

"ኮች፣ ማን ይነካሃል ብለውኝ ነበር እኮ!"

"በራስህ ላይ የፈረድከው አንተው ነህ፤ በራስህ አፍ።"

"ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት! ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ!"

"ንገራ። 'ወላሂ ብዬ ዋሸሁ' ልትላቸው ነው? የዚያችን እናት ይቅርታ ልታፈርስባት?"

አቶ ጀላል ትእዛዝ መኖሩን የሰሙት ያን ጊዜ ነበር። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "በአላህ ስም ምለሃል" አሉ።

"እርስዎ ፊት ነው የማልኩት፣ አባ።"

"እንግዲያው ዝም በል። እርቅ የሚያፈርስ ወለደ ከምባል፣ የተባረረ ወለደ ብባል ይሻለኛል።"

ወደ ሞላልኝ ቀረቡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ እርቅ በወረደበት ነገር ሰላምታ አይከለከልምና። ሞላልኝ ሳያመነታ ጨበጣቸው።

"አንተም ጨብጥ።"

"አባ..."

"ጨብጥ አልኩህ!"

ሙንዚር ጨበጠ። ሞላልኝ የያዘውን እጅ ሳይለቅ፣ በሙንዚር ቦታ የተሰለፈውን አዲስ ተከላካይ ጠራና፣ "ና፣ ማልያውን ከወንድምህ ተቀበል" አለው።