የተቀመጠበትም ገጽ ነው

ኡሙሰልማ ፊደል የቆጠረችው ባሏ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር በዘመተ ዓመት፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሉ ከገባት በኋላ እዚያው መቆም አልሆነላትም። ክፍል እየዘለለች ሄዳ፣ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ቆቦ ላይ ስድስተኛ ክፍል ከገዛ ልጇ ከአሲያ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጠች።

መምህር እሸቴ የሒሳብ ፈተና ሲመልሱ አሲያ ከአስር አስር፣ እናቷ ዘጠኝ አገኙ። የተሰረዘባት «መሠረቱ ባለ ስድስት ጎን የሆነ ፒራሚድ ስንት ገጽ አለው?» የሚለው ነበር። ሰባት ብላ ጽፋለች፤ መምህሩ በቀይ ስድስት ብለውበታል። አሲያም የጻፈችው ስድስት ነው።

«መምህር ያሉት ነው» ብላ ልትተወው ነበር፤ ልቧ ግን እሺ አላላትም። ቤት ስትገባ ለላሟ ከተከመረው የማሽላ አገዳ መዘዘች። በግራር እሾህ እያያያዘች ስድስቱን ጎን መሬት ላይ ዘረጋች፤ ከየማዕዘኑ አንድ አንድ አገዳ አቁማ አናቱን በክር አሰረችው። ጠርዙ አስራ ሁለት፣ ጫፉ ሰባት ሆነ። ገጹን በመዳፏ እየሸፈነች ዙሪያውን ቆጠረች፤ ስድስት። ገለበጠችው። ሰባተኛው የተቀመጠበት ነው።

አሲያ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

«እማ፣ ለመምህር ልትነግሪ ነው?»

«ምን ላድርግ ትያለሽ?»

«አንደኝነቴ ይሄዳላ!»

ኡሙሰልማ አገዳውን ወደ ጎን አስቀመጠች። ልጅቷ ውሃ እየቀዳች፣ ላም እያለበች እንዴት እንዳጠናች ታውቃለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ግን አሁን አሲያም ቆጥራዋለች።

በነጋታው መምህሩን እንዳታሳፍር አገዳውን ይዛ ከክፍል ውጭ ጠበቀቻቸው።

«አፉ ይበሉኝ መምህር፣ እኔ ተሳስቼ ይሆናል፤ እስቲ ይቁጠሩልኝ።»

ዞረው ቆጠሩና «ስድስት» አሉ። ገለበጠችላቸው። መምህሩ ሰባተኛውን በጣታቸው ነኩት።

«መሠረቱን ረስቸዋለሁ፣ እትዬ።»

በሁለታቸው መካከል የሚቀር መስሏት ነበር። እሳቸው ግን አገዳውን ይዘው ክፍል ገቡና ከፍ አድርገው አሳዩት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ደብተራችሁን አምጡ።» ክፍሉ አጉረመረመ። አሲያ ደብተሯን የሰጠችው ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ዘጠኝ ሆነ።

ሲመለሱ ልጅቷ ቀድማ ሄደች። አስፋልቱ ላይ ግን ወታደር የጫኑ መኪኖች ወደ ሰሜን ሲያልፉ ቆማ እናቷን ጠበቀቻት። አቧራው እስኪሰክን ጎን ለጎን ቆሙ።

«መሠረቱ አስራ ሁለት ጎን ቢሆንስ?» አለች አሲያ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ገጹ አስራ ሦስት።»

«ጠርዙስ?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ» አለቻትና እጇን ያዘቻት፤ ልጅቷም አላስለቀቀችም።