በቀዝቃዛው የተፈተነ ካውያ

ፈቀደ የጠገነውን ካውያ ዛሬ በማለዳ ለእትዬ አልማዜ መልሷል፤ ከሰዓት በኋላ ግን አላረፈም። ጦር ኃይሎች ባለችው ጠባብ ሱቁ ፒንሳውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ደግሞ ያነሳል። ቀኑም ቀን አይደለም! የጃንሆይ ልደት ዋዜማ፣ ሐምሌ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። አስኮ ያሉት ልብስ ሰፊዋ እትዬ አልማዜ ደግሞ ለበዓሉ የሃያ መኮንን ልብስ ተኩሰው ማድረስ አለባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካውያ ሆድ ውስጥ፣ በሚግለው ሽቦና በብረቱ መካከል፣ ሚካ የሚባል እንደ ሽንኩርት የሚላጥ ድንጋይ ይገባል። መብራቱ ወደ ብረቱ እንዳያልፍ የሚከለክለው እሱ ነው። ፈቀደ የውጭ አገሩ ሚካ አለቀበት። ዘመዱ ከገጠር ያመጣለት፣ ጥቁር ጅማት ያለበት ሚካ ነበረውና «ከፈረንጁ በምን ያንሳል!» ብሎ ቆርጦ አስገባው። በባትሪ ድንጋይና በትንሽ አምፖል ሞከረው፤ አምፖሉ ጭጭ አለ። ጀነነ፣ ካውያውንም ሰጠ።

ከሰዓት በኋላ ግን የተረፈችው የሚካ ቁራጭ ዓይኑ ውስጥ ገባች። ካውያው እኮ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ አይደለም! ቁራጯን ከሶኬቱና ከሱቁ አምፖል ጋር አገናኛት፤ አምፖሉ አልበራም። ተመስገን ሊል ሲል ቀዝቃዛ መሆኗ ትዝ አለው። ከሰል ላይ አጋላት። በባትሪ ድንጋይ ሞከረ፤ አሁንም የለም። በሶኬት ሲሞክር የአምፖሉ ሽቦ ቀስ ብሎ ቀላ። ቁራጯ ስትበርድ ጠፋ፤ ስትግል መልሶ ቀላ። ሙቀቱና የሶኬቱ ጉልበት አንድ ላይ ሲመጡባት ታሳልፋለች ማለት ነው።

«የድንግል ያለህ!» አለ። እትዬ አልማዜ የካውያ ግለት የሚለኩት ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ብረቱን ነካ በማድረግ ነው። የቤታቸው ወለል አፈር ነው፤ ሐምሌ ላይ ደርቆ አያውቅም።

ሱቁን ሳይዘጋ ሮጠ። አውቶቡሱ በየፌርማታው ይቆማል፤ አሮጊት ትወርዳለች፣ ጆንያ ይጫናል።

«ጋሼ፣ በናትዎ ይንዱት!» አለው ሾፌሩን።

«ክንፍ ላውጣልህ እንዴ?» አለ ሾፌሩ፤ ሰው ሳቀ። ፈቀደ እንባው መጣ። አስኮ ሳይደርስ ዘሎ ወርዶ በጭቃው ሮጠ።

በሩን በርግዶ ሲገባ እትዬ አልማዜ ካውያው አጠገብ ቆመዋል፤ ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ ነው።

«አይንኩት!» ገመዱን መንጭቆ ነቀለ።

«አንተ ልጅ! አበድክ?»

«ሲግል መብራት ያሳልፋል፣ እትዬ። እኔ የሞከርኩት በቀዝቃዛው ነው። ልገድልዎ ነበር!»

ዝቅ ብሎ እግራቸውን አየ፤ ደግነቱ የጎማ ጫማ አድርገዋል። እትዬ አልማዜ ጣታቸውን ትንሽ አይተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ከጠዋት ጀምሮ እስከ ክንዴ ድረስ ሲነዝረኝ ነው የዋለው» አሉ። «ሠርቼዋለሁ ያልከኝ አንተ አይደለህ? ካውያው ነው ብዬ እንዴት ላስብ? በሽታ ያዘኝ ብዬ፣ ልጆቼን ለማን ትቼ እንደምሄድ ሳስብ ዋልኩ።»