የክሬኑ ቀኝ ትከሻ

አብረውት የሚሠሩት የጭነት መኪና ሾፌሮች ሁሉ ክሬኑ ይሉታል። ስሙ የወጣለት ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ሌላው ሰው ለሁለት የሚያወርደውን ካርቶን እሱ ብቻውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና፣ ያውም እያፏጨ፣ መጋዘን ድረስ ይዞት ይገባ ነበር። የሚሠራበት ድርጅት ሾፌርና አውራጅ ብሎ አይለይም፤ የነዳ ያወርዳል፣ አለቀ። ክሬኑም ይህን እንደ በደል ቆጥሮት አያውቅም። ጉልበቱን ይወደው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የግድግዳና የወለል ሴራሚክ ጭኖ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመ። ሴራሚክ ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ሲያነሱት ግን መሬት የያዘው ይመስላል። ሸራውን ገለጠ፣ የመጀመሪያዎቹን ካርቶኖች እንደልማዱ አመላለሰ፣ ቀጥሎ አንዱን ወደ ትከሻው ሲወረውር ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለበት። ክንዱ የሌላ ሰው ክንድ ሆነ። ካርቶኑ እግሩ ሥር ወድቆ እንክትክቱ ወጣ።

ባለሱቋ ሮጣ ወጣች። "እግርህን! እግርህን መታህ እንዴ?"

"እኔ ደህና ነኝ፤ የሞተው ሴራሚኩ ነው" አለና ሳቀ። ላቡ ግን በጀርባው ይወርድ ነበር። የቀረውን በግራው እየጎተተ ጨረሰ። ሲመለስ ቀኝ እጁ ማርሹ ጋ አልደርስ ስላለ፣ መሪውን በጉልበቱ ደግፎ በግራው እያሻገረ ነው የቀየረው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎናቸው ግማሹ ቤት ግማሹ ስፌት ቤት ነው። ክሬኑ ጓዳ ገብቶ ሸሚዙን ሊያወልቅ ሲታገል የስፌት መኪናዋን አቆመችና ብቅ አለች።

"ምን ሆነህ ነው እዚያ የምትወራጨው?"

"ቁልፉ እምቢ አለኝ።"

"እምቢ ያለህስ ቁልፉ አይደለም።" ሸሚዙን ፈታችለት፣ ይዛም መስታወቱ ፊት አቆመችው። "እየው። ቀኙ ከግራው ወርዷል።"

"ዛሬ ነው እኮ የተጎዳሁት።"

"ዛሬ? ኮትህን ስሰፋ ቀኙ ላይ ስፖንጅ መደረብ ከጀመርኩ ስንት ጊዜዬ ነው!"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትሰማኝ ነበር? ክሬን አይደለህ!"

ከሕመሙ ይልቅ የክሬኑን አንጀት የበላው ይሄ ነበር፤ እሱ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ እሷ ከኋላ ሆና ዝም ብላ ታቃናው ኖሯል።

በማግስቱ ሐኪሙ ክንዱን ወዲህና ወዲያ አዟዟረ፣ አስነሳው፣ ጅማቱ በከፊል እንደተበጠሰም ነገረው። "ሲሻልህ መንዳት ትነዳለህ። መሸከም ግን በቃህ።" ክሬኑ በዚህ ቅስሙ ይሰበራል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልተሰበረም። ራሱ ሊያወጣው ያልደፈረውን ቃል ሌላ ሰው አውጥቶለት ቀለል አለው።

ከክሊኒኩ በቀጥታ መኪኖቹ ወደሚያድሩበት ግቢ አመራ። ሚስቱም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አብራው ሄደች። "ብቻህን ከሄድክ ሁለት ሁለት ካርቶን ለመሸከም ተስማምተህ ትመጣለህ" ነው ያለችው።

የድርጅቱ ባለቤት፣ ባለመኪናው፣ ድሮ ከክሬኑ ጋር በአንድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ክሬኑ ከእንግዲህ እንደማያወርድ ሲነግረው ፊቱን አጨማደደ።

"ታዲያ ማን ያውርደው? እኔ?"

"ታወርድ አልነበር? ለምን ተውከው?"

"ቢሮ ገባኋ!"

"እኔ ቢሮ የለኝም፤ ያለኝ መሪ ነው። መሪውን እይዛለሁ፣ ዕቃውን ጫኝና አውራጅ ይያዘው።"

"ለአንተ ከፈቀድኩ ነገ ሁሉም ይጠይቀኛል።"

"ይጠይቁሃ!"

አልለመነም፣ ድምፁንም አላነሳም። የፈለገውን እንደሚያውቅ ሰው ቆሞ ጠበቀ።

በዚህ መሀል ሚስቱ በየመኪናው ሥር ወደተቀመጡት ሾፌሮች ዞር ብላ "ማነው ልኩን የምወስድለት?" አለች። ነጻ ኮት የተገኘ መስሏቸው ተሳሳቁ። ዘንጌ የሚሉት ረጅሙ ሾፌር "ለእኔ የሙሽራ ይሁንልኝ፣ እትዬ!" ብሎ ቀድሞ ተነሳ። እሷ ግን ጀርባውን ለመኪናው ጎን አስደግፋ፣ ከኪሷ የልብስ ጠመኔዋን አውጥታ፣ መኪናው ላይ በግራ ትከሻው አናት አንድ፣ በቀኙ አናት አንድ መስመር አሰመረችና "ዞር በልና እየው" አለችው። የቀኙ መስመር ዝቅ ብሏል። ሌላው ቆመ፤ የእሱም ዝቅ አለ። ሦስተኛው በግራው ስለሚሸከም ግራው ነበር የወረደው። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

"እርስዎም እስቲ ይቁሙልኝ" አለችው ባለመኪናውን።

"እኔን ደግሞ ምን ልታደርጊኝ?"

"ልክዎን ነው።"

ሁሉም ስላፈጠጡበት ቆመ። ሲዞር ከሁሉም የሰፋ ልዩነት ያየው በእሱ መስመሮች መሀል ነው። በመዳፉ ዳሰሳቸው። "እኔ እኮ" አለ፣ "ወንበሬ የተጣመመ ነበር የሚመስለኝ። ስንቱን ወንበር ቀየርኩ!"

ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ባለመኪናው ለየደንበኞቹ ደውሎ ማውረጃውን ራሳችሁ ቻሉ አላቸው። አንዱ ተቆጥቶ ወደ ሌላ ድርጅት ሄደ፤ ሌሎቹ አጉረምርመው ተቀበሉ። አውራጅ ለሌላቸው ሱቆች ከድርጅቱ ሰው እንዲላክ ሆነ። ክሬኑ "እነሱም ትከሻ አላቸው፤ ባለጎማ ጋሪ ካልተገዛ እኔ አልነዳም" ብሎ ድርቅ ስላለ ጋሪውም ተገዛ። እሱ እስኪያገግም ቤት ውሎ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው ክንዱ እንዲላቀቅ ጣቶቹን ግድግዳ ላይ ሽቅብ ሲያስኬድ ከረመ። ጣቱ የመብራት ማጥፊያው ጋ የደረሰ ቀን ሚስቱን ከስፌቷ አስነስቶ አሳያት።

ሥራ የጀመረ ዕለት የደረሰው ያው ሴራሚክ ሱቅ ነበር። ሁለት አውራጆች ጋሪያቸውን ይዘው ከኋላ ወረዱ። ባለሱቋ ወገቧን ይዛ ጋቢናውን ቀና ብላ አየች።

"ክሬኑ ዛሬ አይወርድም?"

"ክሬን ተቀምጦ እንደሚሠራ አታውቂም?"

"እንግዲያው ሥራ ፈትተህ አትቀመጥ፣ ቁጠርልኝ!"

መቁጠር ጀመረ፤ ግን አላስችል አለው። በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ "ከሥር ያዘው! ጉልበትህን እጠፍ! ጋሪውን አስጠጋው በላ!" ሲል አንደኛው አውራጅ ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ወይ ይውረዱ ወይ ዝም ይበሉ!"

ክሬኑ ከልቡ ሳቀ። መስኮቱን ዘጋና መቁጠሩን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ስንተኛው ላይ እንደነበር ጠፍቶታል።