ጡሩምባው ጥርሱን ሊታጠብ መጣ

እዚያ ቤት የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚያወራው ግን አንዱ ነው። አባትየው ዕድሜውን በሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ጡረታ ሲወጣም መሪውን እንጂ ክላክሱን ያላስረከበ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ጡሩምባው» ይሉት ነበር፤ ስሙም ከሥራ ቦታ ተከትሎት ሰፈር ገባ። ሰው «እንደምን አደርክ?» ካለው፣ እንዴት እንዳደረ፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረ፣ በእሱ ጊዜ ሰው እንዴት ያድር እንደነበር ሳይዘረዝር አይለቅም። «ዝም አይነቅዝም» ብለው ሲመክሩት፣ «እኔስ መቼ ነቀዝኩ?» ይላል። ክፋት የለበትም። ዝምታ ሲያይ ግን ወንበሩ ባዶ የሆነ አውቶቡስ ያየ ይመስል ያንገበግበዋል፤ ቶሎ ብሎ መሙላት አለበት።

ልጁ የጥርስ ንጽህና ባለሙያ ናት። ይህን ረጅም ማዕረግ አባቷ አንድ ቀን እንኳ ጠርቶት አያውቅም። «ልጄ ጥርስ ታጥባለች» ነው የሚለው፣ መኪና እንደምታጥብ ሁሉ። ሰፈሩ ዝምተኛ ይላታል፤ ቤቷ መጥቶ ላያት ሰው እውነት ነው፤ ከ«አባዬ» ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ጨርሳ የተናገረችበት ቀን ትዝ አይላትም። ክሊኒክ ውስጥ ያለችው ግን ሌላ ሴት ናት። ጠዋት ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ጭምብሏን አጥልቃ፣ የመጀመሪያው ታካሚ አፉን ሲከፍት እሷም ትከፍታለች። ስለ ውሃው መቆራረጥ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለ አዲሱ ጫማዋ መጥበብ ታወራለች። አፉ ውስጥ መስታወትና ምራቅ የሚስብ ቱቦ የገባበት ሰው መቼም ወሬ አያቋርጥም። ትጠይቃለችም። «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ትላለች። ሰውየው «ኧኧ ኦኧ» ይላል። «ትንሹም ትምህርት ቤት ገባ? ጎሽ!» ትላለች። ያንን ቋንቋ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። ሪሴፕሽን የምትሠራው ጓደኛዋ «የአባትሽ ልጅ ነሽ» ስትላት ግን ትቆጣለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከወደቡ ከተማ ስልክ ተደወለላት። የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። አዲስ የተከፈተ ሆስፒታል የልጆች ጥርስ ክፍል አቋቁሞ፣ እሷ እንድትመራለት ይፈልጋል። ልጆች ትወዳለች፤ ልጆች ቢነክሱም አይዋሹም። ድዳቸው እየደማ «በቀን ሁለቴ እቦርሻለሁ» የሚሉት ትልልቆቹ ናቸው። ሥራውን፣ እንዲህ ከልቧ የፈለገችው ነገር ኖሮ እስከማያውቅ ድረስ፣ ፈለገችው። እስከ ቅዳሜ መልስ ስጪ ተባለች። ችግሩ አባቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና እሱ ናቸው፤ እሷ ከሄደች ጡሩምባው ለግድግዳ ሊያወራ ነው። ይህን ስታስብ ሆዷ ይባባል። ሳትነግረው፣ «ሂጂ» ሳይላት ደግሞ እግሯ ከደጅ አይወጣም።

መጀመሪያ ለአክስቷ፣ ለአባቷ እህት፣ ነገረቻት። «አደራ፣ እኔ ራሴ እስክነግረው ለማንም እንዳትይ» አለቻት። አክስቷም «እኔ ጋ ገባ ማለት መቃብር ገባ ማለት ነው» ብላ ደረቷን መታች።

ከዚያ ለራሱ ልትነግረው ተነሳች። የመጀመሪያ ቀን፣ እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ከወደቡ ከተማ...» ከማለቷ፣ «ወደቡ! የወደቡን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ?» ብሎ እያንዳንዱን መታጠፊያ በማንኪያ ጠረጴዛው ላይ እያሳየ ከተራራው ጫፍ አወረዳት። ታች ሲደርሱ ምግቡ ቀዝቅዟል፣ እንቅልፏም መጥቷል። በማግስቱ «አባዬ፣ ሥራ...» አለች፤ ስለ ሥራ ያለው ሐሳብ እስከ መኝታ ሰዓት በቃ። በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ዛሬ የማወራው እኔ ነኝ።»

«አውሪ! ማን ከለከለሽ? እኔ እኮ ሰው ሲያወራ መስማት ነው የምወደው። አንድ ረዳት ነበረኝ፣ ልክ እንዳንቺው አንደበቱ የተቆለፈ...» ብሎ የረዳቱን ታሪክ ጀመረ። ረዳቱ መጨረሻ ላይ አገባ፤ እሷ ግን የራሷን ሳትናገር ተኛች።

ጉዱ የመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። አባቷ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አርብ ጥርሴን ልታጠብ ነው፤ ቀጠሮ ያዢልኝ» አለ።

የያዘችው ዳቦ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ይህ ሰው ፍሬኑ አንድ ሐሙስ የቀረውን አውቶቡስ በጉም ውስጥ፣ በገደል አፋፍ ሲነዳ የኖረ ነው፤ ሳንቲም የምታህል መስታወት ግን ይፈራል። ና ላጽዳልህ ብላ ስትለምነው ዓመታት አልፈዋል። «ጥርስ አጥንት ነው፤ የማን አጥንት ነው በቁሙ የሚታጠበው?» ነበር መልሱ።

«አሞሃል እንዴ?»

«ሰው ሳያመው አይታጠብም? ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትጠረጥር ነበር። አሁን ግን ሐሳቧ ጥሏት ሮጧል። ያ አፍ ሊከፈት ነው፤ ተከፍቶም ሊቆይ ነው፤ መስታወቱ በዚህ፣ ቱቦው በዚያ፣ አንድ ቃል ሳይወጣው። ተንኮሏ ራሷን አሳቃት፣ ትንሽም አሳፈራት። ቀጠሮውን ግን የዕለቱ መጨረሻ ላይ አድርጋ፣ ጊዜውንም ረዘም አድርጋ ያዘችለት።

አርብ ፀጉሩን አበጥሮ፣ የክት ኮቱን ለብሶ መጣ። በመጠበቂያው ክፍል ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ጉንጩ ያበጠ አንድ ጎልማሳ ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ «አባቴ፣ በፈጠረዎት አያስቁኝ» እያለ ይማጸናል። ጓደኛዋ በሩን ከፈት አድርጋ፣ «አባትሽ ደርሰዋል፤ ለበሽተኞቹ ስትይ ቶሎ አስገቢያቸው» አለቻት።

ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ወሬው ቀጠነ። የወረቀት ፎጣ ደረቱ ላይ አሰረችለት። ወንበሩ ወደ ኋላ መተኛት ሲጀምር የክንድ ማስደገፊያውን ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«ይሄ ነገር ፍሬን የለውም?»

«እኔ እግር ሥር ነው። አትፍራ።»

«ማን ፈራ!»

«በል እሺ፣ ክፈት።»

ከፈተ። ለጥቂት ጊዜ አባቷ መሆኑን ረሳች፤ ሥራ ነዋ። ከታች የፊት ጥርሶቹ ጀርባ የደነደነው ቆሻሻ የስንት ዘመን ነው። መንጋጋዎቹ ግን ያስቀናሉ፤ ያ ሁሉ ወሬ ሲወጣ እየጠረገላቸው ኖሮ መሆን አለበት። ቱቦውን ከንፈሩ ጥግ ላይ ሰቀለችና የመፋቂያውን ማሽን አስነስታ ከላይኛው ቀኝ ጀመረች። ውሃው ጭምብሏ ላይ ተረጨ።

«አባዬ» አለች። ጠበቀች። ማንም አላቋረጣት።

ከ«አባዬ» ወዲያ እንዲህ ያለ ሰፊ ሜዳ እንዳለ አታውቅም ነበር። እየፋቀች ነገረችው። ስለ ስልኩ፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ልጆቹ ክፍል፣ ነገ መልስ መስጠት እንዳለባት፣ ሁሉንም ተራ በተራ አወጣችው። ከዚያ ግን አንድ ነገር አስጨነቃት። ሌላው ታካሚ ሁሉ «ኧኧ» ይላል፤ አባቷ ምንም አላለም። በአፍንጫው ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል። የእሱን ዝምታ ሰምታው ስለማታውቅ መተርጎም አቃታት። ስትፈራ ጊዜ አባቷ የሚያደርገውን አደረገች፤ ሞላችው። በየወሩ መጨረሻ እንደምትመጣ፣ አክስቷ በየቀኑ ብቅ እንደምትል፣ የጓሮውን ቧንቧ ሳታስጠግን እንደማትሄድ ለፈለፈች። መጨረሻ ላይ ሳታስበው፣ «እዚህ ብቀር አልሞትም። ግን ያንተን ወሬ ስሰማ፣ የራሴ የማወራው ነገር ሳይኖረኝ አረጃለሁ» አለች።

ካለችው በኋላ ደነገጠች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቀና ብላ ስታየው ከዓይኑ ጥግ የወጣ እንባ ወደ ጆሮው እየወረደ ነው። ማሽኑን አጠፋች፣ ቱቦውን አወጣች።

«አመመህ? ድድህን ነካሁብህ?»

ወንበሩን አቃናችለት። ከጎኑ ባለው ብርጭቆ ውሃ ተጉመጠመጠ፣ ተፋ፣ አፉን በፎጣው ጠረገ። አሁን ይጀምራል ብላ ትንፋሿን ያዘች።

«አክስትሽ ነግራኛለች» አለ።

«መቼ?»

«አንቺ የነገርሻት ዕለት። ማታውኑ።»

መቃብሩ አንድ ሌሊት እንኳ አላሳደረውም። ልጅቱ ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች። «ታዲያ ያ ሁሉ ቁልቁለት፣ ያ ሁሉ ረዳት፣ እያወቅክ ነው?»

«እያወቅኩ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳይነቅል። «‹አባዬ› ብለሽ ስትጀምሪ ልቤ ቀጥ ይላል። ከተናገርሽው ትሄጃለሽ፤ እስካልተናገርሽው ድረስ ግን ቤት ነሽ። እና አወራሁ። ያን ሁሉ ዘመን እኔ መንገድ ላይ ስሆን አንቺና እናትሽ ቤት ቁጭ ብላችሁ ጠበቃችሁኝ። የመጠበቁ ተራ የኔ ሲሆን ፈራሁ።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ዛሬስ ዝም እላለሁ ብዬ ስንቴ እንደተቀመጥኩ ታውቂያለሽ? ስትጀምሪ አፌ ይቀድመኛል። ቤት ውስጥ መዝጋት አቃተኝ። እዚህ ግን አንቺ ከፍተሽ ትይዢልኛለሽ ብዬ ነው።»

ልጅቱ ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው ይሉ የለ፤ ሆዷ እያለቀሰ ጥርሷ ሳቀ። አጠመድኩት ያለችው ሰው ወጥመዱን ራሱ ፈልጎ፣ የክት ኮቱን ለብሶ መጥቷል። እንዲህ ወድዳው አታውቅም።

«ልሂድ?» አለች።

«አልተደሰትኩም። ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽሽም» አለ። «ግን ሂጂ። ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ከሮጠ ዝም እንዳትዪው፤ ጩኺበት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ...»

መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ራሱን ያዘ። ቁልቁለቱን በሙሉ ሲውጠው ጉሮሮው ላይ ታያት።

«የታችኛው ቀርቷል አይደል?» አለ።

«ቀርቷል።»

«እንግዲያው ጨርሺ። የት ነው የምትኖሪው? ከእሱ ቀጥይ» ብሎ ወደ ኋላ ተኛና ማንም ሳያዘው አፉን ከፈተ።

የታችኛውን መንጋጋ እያጸዳች የምትከራየውን ክፍል ነገረችው፤ መስኮቱ ባሕር ያሳያል ተብላለች፣ አላመነችም። ያ የደነደነ ቆሻሻ ብዙ አስለፋት። ሲያልቅ ቱቦውን አወጣች፣ መብራቱን ገፋ አደረገች፣ ወንበሩን አቃናች። ወሬዋ ግን አላለቀም ነበር። ጓንቷን እያወለቀች፣ ብረቶቹን ለመቀቀያ እየለየች፣ ብቻዋን አድራ እንደማታውቅ፣ ሰው የማታውቅበት ከተማ እንደሚያስፈራት፣ ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችው። አሁን አፉን የያዘው ነገር የለም። ፎጣው ደረቱ ላይ እንዳለ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጣት።