የሁለት ፍየሎች አንጀት

ሳንባ እንዴት እንደሚሠራ ለማስተማር የግድግዳ ሥዕል ይበቃል የሚል ሰው ካለ፣ ሰሜን ኬንያ፣ ቱርካና ድረስ ይምጣና የኔን ክፍል ያስተምርልኝ። ርዕሰ መምህራችን ሞጋካ እንደዚያ ባይ ነበር። ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ፀሐዩ አናቱን ሲመታው የሚናገረው ይጠፋዋል፤ ስለ ፈተና ግን የሚለው አያጣም። «አሲንየን፣ ፈተና ላይ የሚመጣው ሥዕል ነው፤ ፍየል አይመጣም» ይለኛል። እኔ ደግሞ የሰባተኛ ክፍል ልጆቼን ከግራሩ ሥር ሰብስቤ፣ ገና ትኩስ በሆነ የፍየል ሳንባ ላይ ሸምበቆ ሰክቼ ንፉ እላቸዋለሁ። ሳንባው ሲያብጥ መጀመሪያ ይሸሻሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ ከዚያ እየተጋፉ ተራ ይይዛሉ። በልብ ውስጥ ውኃ አፍስሰን በየት በኩል እንደሚወጣ እናያለን። ደሙ እስከ ክርናችን ይደርሳል። ትምህርቱ ሲያልቅ ሥጋው ይቀቀላል፤ ሞጋካም ጎድኑ ሲደርሰው ስለ ፈተና አያነሳም።

ሌላም ዘዴ ነበረኝ። ሆን ብዬ የተሳሳተ መልስ እሰጥና ማን እንደሚያርመኝ እጠብቃለሁ። ያረመኝ ይጨበጨብለታል። «እኔ ስላልኩ አትቀበሉ፤ ያያችሁትን ተናገሩ፣ ማንም ፊት ቢሆን» እላቸው ነበር።

ትልቁ ሥራችን የትሉ ነበር። አባቴ ሎፔዮክ ከመንጋው ጥቂት ግልገሎች ሰጠኝ። ልጆቹ ለሁለት ከፈሏቸው። የግማሾቹን የጆሮ ጫፍ ቆረጥንና በየጊዜው የትል መድኃኒት አጠጣናቸው፤ የቀሩትን ተውናቸው። በረታቸው አንድ፣ ግጦሻቸው አንድ፣ የሚጠጡበትም ጉድጓድ አንድ ነው። ወጠጤ ሲሆኑ ከየወገኑ አንድ አንድ አረድን። የጆሮ ቆራጣው አንጀት ንጹሕና ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። የጆሮ ሙሉው ግን ከላይ እስከ ታች እብጠት በእብጠት ነበር። ናካሌስ የምትባል ቀጭን ልጅ አለች፤ አንዱን እብጠት በምላጭ ከፈተችና ነጭ ትል በጥፍሯ ጎትታ አወጣች። ትሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ማዳም፣ አባቶቻችን የሚያነቡት ይህንን ነው?» አለችኝ።

«አንቺ ምን አየሽ?»

«ትል።»

«እንግዲያው ትል ነው» አልኳት።

የኛ ወንዶች ለጠብ ከመነሣታቸው በፊት ፍየል በጦር ተወግቶ አንጀቱ ይነበባል። አንጀቱ ንጹሕ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ እብጠት ካለበት ጠላት መንገድ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም አይነሣም። አንባቢው አባቴ ነው። ልጆቹ የክፍሉን ነገር ቤታቸው አውርተው ኖሮ ወሬው ደረሰው። ይቆጣል ብዬ ስፈራ፣ ትንሿን የእንጨት በርጩማውን ይዞ ትምህርት ቤት መጣና ጥላ ሥር ተቀመጠ።

«አንቺ የምታዪው ትሉን ነው» አለኝ። «እኔ የማየው ጎረምሶቹን ነው። አትሂዱ ስላቸው ቁጭ ይላሉ። ሌላ ቁጭ የሚያደርጋቸው ነገር ካገኘሽ አምጪልኝ፤ ይሄንን እጥለዋለሁ።»

ምን ላምጣለት? በርጩማውን ተሸክሜ ሸኘሁት።

ከዚያ በኋላ ከብት የምንዘራረፋቸው ጠላቶቻችን፣ ባለኮረብቶቹ፣ መጡ። ሰዎቻችን በደረቁ ወንዝ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ከታች እስከ ላይ በሰልፍ ቆመው እየዘፈኑ ውኃ እየተቀባበሉ ከብት ያጠጡ ነበር። ጠመንጃ የያዙት የጉድጓዱን አፍ ከበቡና ወደ ታች ተኮሱ፤ ከብታችንንም ነዱት። እጁ በባልዲ የተያዘ ሰው የት ይደርሳል? ከታች የነበረው ሎካሌ ላዩ ላይ የወደቁት ሰዎች ተጭነውት፣ በገዛ ውኃችን ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ያወጣነው ገመድ አስረን ነው። ከጉድጓዱ ለብዙ ቀን ቀይ ውኃ ወጣ፤ እንስሶቹ እንኳን አሽትተው ይመለሱ ነበር።

ሎካሌ የወንድሜ የኤሮት የልብ ጓደኛ ነበር። ኤሮት ታናሼ ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት ስቀመጥ የኔን ድርሻ ጭምር ከብት ሲጠብቅ ያደገ፣ ደብተር የገዛልኝ ልጅ። ሰው ሁሉ የሚጠራው በቀዩ በሬው በሎሬንግ ስም ነው፤ የሎሬንግ አባት ይሉታል። በሬውን ቀንዱን ቀርጾ አሳድጎት፣ ዘፈን አውጥቶለት፣ ደወል አስሮለት ነበር። ያን ቀን ሎሬንግም አብሮ ተነዳ። ስሙን የወሰዱበት ያህል ነው።

የሞቱትን ድንጋይ ከምረንባቸው ስንመለስ ኤሮትና እኩዮቹ ጠመንጃ እየወለወሉ ነበር። መንገዱን ዘግቼ ለመንኩት።

«ከብት ነድቶ የሄደ ሰው ተከታይ እንደሚመጣ አያውቅም? ገደሉ አፍ ላይ አድፍጠው ነው የሚጠብቋችሁ» አልኩት።

«እትዬ፣ አንቺ ጠመኔሽን ያዢ» አለኝና ምራቁን ተፍቶ አለፈኝ።

በዚያው ቀን አባቴ በርጩማውን ይዞ ተመልሶ መጣ። «ነገ ፍየል እወጋለሁ። የኔ መንጋ ተነድቷል፤ የቀረው ያንቺ ነው» አለኝ። በረት ገባሁና ጆሮ ሙሉ ከሆኑት አንዱን፣ ሆዱ የተነፋውንና ፀጉሩ የቆመውን መርጬ ገመዱን እጁ ላይ አኖርኩለት። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምመርጠው። ወንድሜ ነው።

በማግሥቱ ወንዶቹ ትልቁ ዛፍ ሥር በዕድሜያቸው ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሴቶች ራቅ ብለን ቆምን፤ ልጆቼ ኩይሳው ላይ ወጥተው ያያሉ። አባቴ ወጠጤውን በጦሩ አንዴ ወግቶ ጣለው። ሆዱን ቀዶ አንጀቱን ቆዳው ላይ ዘረጋው። እብጠቱ እኔ ካለሁበት ይታይ ነበር።

«ይኸው መንገዱ» አለ አባቴ በጦሩ ጫፍ እያሳየ። «ይኸው እነሱ። እዚህ አሉ፣ እዚህም አሉ። የሚሄድ የለም።»

የጎረምሶቹ ትከሻ ወረደ። አንዳንዶቹ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። እኔም ተመስገን አልኩ፤ ያለቀ መሰለኝ።

ኤሮት ግን አልተቀመጠም። ክቡን ሰንጥቆ መጣና ክንዴን ይዞ እየጎተተ ወንዶቹ መሀል አቆመኝ። ሴት እዚያ አትቆምም፤ ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። እሱ ጆሮ አልሰጣቸውም።

«ልጆቹ እብጠቱን ትል ነው ብለሽ አስተምረሻቸዋል አሉ። እዚሁ ንገሪን። ትል ነው ወይስ ጠላት?»

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ልጆቼ ከኩይሳው ላይ እኔን ያያሉ።

«ጠላት ነው» አልኩ።

«ማዳም፣ ትል ነው» አለች ናካሌስ።

ዞር ብዬ ሳያት ፈገግ ብላለች። ክፍል ውስጥ እንደማደርገው እየፈተንኳት መስሏታል። «ዝም በይ» አልኳት፤ ይህም የፈተናው ክፍል መሰላት መሰለኝ፣ ጭራሽ ከኩይሳው ወርዳ በሩጫ መጣች።

«ጆሮውን እዩት፣ አልተቆረጠም። መድኃኒት ካልጠጡት ነው። ጆሮ ቆራጣ ብንወጋ ንጹሕ ነው የሚሆነው» አለችና ተንበርክካ አንዱን እብጠት በምላጯ ከፈተች። ትሉን አውጥታ የኤሮት መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጭብጨባዋን እየጠበቀች ነበር።

ኤሮት መዳፉን አየ። «የሎካሌን ደም ጥለን የምንቀመጠው ለዚህች ትል ነው?» አለ ቀስ ብሎ። አንዱ ሮጦ ከበረቴ ጆሮ ቆራጣ ወጠጤ ጎትቶ አመጣ፤ አባቴን ሳያስፈቅዱ ወጉት። ደሙ እግራችን ላይ ተረጨ። አንጀቱ እንከን አልነበረውም።

«መንገዱ ክፍት ነው» ሲሉ ጮኹ።

«ክፍትም ዝግም አይደለም» አለ ኤሮት። «አንጀት ብቻ ነው። አይከለክለንም፣ አይፈቅድልንም። ተነሡ።»

በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ትምህርቴ በደንብ የገባው እሱ ነበር። ተናደድኩ፤ በሱ፣ በልጅቷ፣ በራሴ ምላስ፣ በሁሉም ተናደድኩ።

አባቴ በትሩን አንሥቶ ኤሮትን ትከሻው ላይ መታው። ደገመው። ሦስተኛው ሲሰነዘር ኤሮት በትሩን ቀማውና በጉልበቱ ሰበረው። አባቴ ጦሩን ሲያነሣ ከጎረምሶቹ አንዱ በሰደፍ መንጋጋውን አለው፤ ሽማግሌው በፊቱ የፍየሉ አንጀት ላይ ተደፋ። የኤሮትን ጠመንጃ በሁለት እጄ ያዝኩ። ኤሮት በጥፊ አጮለኝ፤ ስወድቅ ጥርሴ ከንፈሬን በጣው። ደም እየተፋሁ እግሩን ያዝኩት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀ። የናካሌስ ምላጭ አሁንም እጇ ላይ ነበር።

ሄዱ።

ኤሮት የተመለሰው በሞተር ብስክሌት ነው፤ በነጂውና ከኋላ በተቀመጠው ሰው መሀል ተጣብቆ። ሽርጡን ሆዱ ላይ ጠምጥመውበታል፤ ሲፈቱት ሁሉም ነገር ወደ ውጭ ወጣ። ከሄዱት ግማሾቹ አልተመለሱም። ክፍሌ ውስጥ ሁለት ዴስክ አጋጥመን አስተኛነው። ጤና ጣቢያው ከገደሉ ማዶ ነው፤ መንገዱ የባለኮረብቶቹ ሆኗል። ናካሌስ ሳልጠራት የፈላ ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ ያንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በሁለት እጃችን እየገፋን አንጀቱን ልንመልሰው ሞከርን። ከጣቶቻችን መሀል ያመልጣል፣ ይሞቃል። ኤሮት ዴስኩን እየነከሰ ይጮኻል።

አባቴ መንጋጋውን በጨርቅ አስሮ ገባ። የልጁን ሆድ አንዴ አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይድናል፣ ማዳም?» አለች ናካሌስ።

«አይድንም» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ልዋሻት አልፈለግሁም።

ኤሮት ሲደክም ጩኸቱን ተወ። «ገደሉ አፍ ላይ ነበሩ፣ እትዬ። አድፍጠው ነበር የሚጠብቁን።»

«አውቃለሁ።»

«ሎሬንግን አገኘሁት። ቆዳው ድንጋይ ላይ ተዘርግቷል። በነዱት በነጋታው ነው የበሉት» አለ። ለሞተ በሬ መሄዱን ራሱ ነው የነገረኝ። ከዚያ ውኃ ጠየቀ፤ ከንፈሩን አራስኩለት፤ ሳይውጠው ሞተ። ሆዱን በመጋረጃው ገመድ አሰርኩት፤ ተዘርግፎ እንዳይቀበር።

ድንጋዩን ከምረን ሳንጨርስ የቀሩት ጎረምሶች ጠመንጃቸውን አነሡ። የኤሮትን ደም ሊመልሱ ነው። አባቴ አይቷቸዋል፤ ከኔ በረት አንድ ፍየል በገመድ፣ ጦሩን በሌላ እጁ ይዞ መንገዱ መሀል ቆመ። መንጋጋው ስላበጠ ቃል አይወጣውም፤ በጦሩ ፍየሉን እያሳየ ቁሙ ይላቸዋል። በግራና በቀኙ አለፉት። በፊት፣ ሲቸኩሉ እንኳን፣ ቆመው አንጀቱን ይጠብቁ ነበር።

«አባባ፣ ይቀቅሉትና ይብሉት። ትሉን ማዳም ትለቅምልዎታለች» አለ አንዱ፤ የቀሩት ሳቁ።

አባቴ ጦሩን እንደያዘ ቀረ። ፍየሉ እግሩ ሥር ሣር ይፈልጋል።

ናካሌስ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ዓይኗ ከሰልፉ ኋላ ላይ ነበር፤ ጠመንጃው ከሱ የሚረዝም፣ ጺም ያላወጣ ልጅ እየሮጠ ሊደርስባቸው ነው። ወንድሟ ነው።

«ማዳም፣ ንገሪያቸው» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ናካሌስ ናት የዋሸቻችሁ በያቸው። ጠላት ነው፣ ትል አይደለም፣ ልጅቷ ውሸታም ናት በያቸው።» እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «እኔም አብሬ እላለሁ።»

እጇን ይዤ ሮጥን። ደረስንባቸው፤ ሁለታችንም አልን፣ ደጋግመን አልን። ልጅቷ ውሸታም ናት እያልኩ በሙሉ ድምፄ ጮኽኩ፤ እሷም ዋሽቼ ነው እያለች ከኔ በላይ ጮኸች። ወንድሟ ዞር ብሎ አያትና ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፊቱን መልሶ እርምጃውን ከሌሎቹ ጋር አስተካከለ።